የፈጣን ወርዋሪ ወገብ፦ በክሪኬት የሙያ ዕድሜን የሚወስነው ምንድን ነው?

በክሪኬት ጨዋታ ፈጣን ወርዋሪ የሚባለው ተጫዋች ሥራው በጥቂት ቃላት ሊገለጽ ይችላል። አሥራ አምስት ወይም ሃያ እርምጃ ያህል ሮጦ ይመጣል፤ ክንዱን ሳያጥፍ ከራሱ በላይ አዙሮ 160 ግራም ገደማ የሚመዝን ጠንካራ የቆዳ ኳስ ይለቅቃል፤ ኳሱም አብዛኛውን ጊዜ መሬት ላይ አንዴ ነጥሮ ዱላ ይዞ ወደሚጠብቀው መቺ ይሄዳል። ኳሱ ከመቺው ጀርባ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ቢመታ፣ ወይም በዱላው የተነካው ኳስ መሬት ሳይወድቅ ቢያዝ፣ መቺው ከጨዋታው ይወጣል፤ ለወርዋሪውም አንድ «ዊኬት» ይመዘገብለታል። ከዚያም ወርዋሪው ወደ መነሻው ተመልሶ ያንኑ ይደግማል።

በሙያው የቆየ ሰው ይህን ድርጊት በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋግመዋል። እንግሊዛዊው ጄምስ አንደርሰን ለአገሩ በተሰለፈባቸው የአምስት ቀን ግጥሚያዎች ብቻ 40,037 ኳሶችን ወርውሯል፤ የጀመረው በ2003፣ ያቆመው በ2024 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአንጻሩ ኒውዚላንዳዊው ሼን ቦንድ እንዲህ ባለው ግጥሚያ የተሰለፈው 18 ጊዜ ብቻ ነበር። ልዩነቱን በችሎታ ማስረዳት አይቻልም። የወርዋሪ ብቃት ከሚለካባቸው መንገዶች ዋነኛው ለአንድ ዊኬት በአማካይ ስንት ነጥብ አስቆጠረ የሚለው ሲሆን፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ወርዋሪው የተሻለ ነው፤ የአንደርሰን 26.45፣ የቦንድ ግን 22.09 ነበር። በዚህ ሚዛን የላቀው ሰው በሙያው ያልሰነበተው ነው ማለት ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚያቀርበው ሐሳብ፣ የፈጣን ወርዋሪ የሙያ ዕድሜ ከፍጥነቱና ከጥበቡ ይልቅ የወገቡ አጥንት በምን ያህል ጊዜ ውስጥ ምን ያህል ሸክም እንደተጫነበት፣ ሸክሙንም የሚቆጥርለት ወገን ማን እንደሆነ የሚወሰን ነው የሚል ነው። ጉዳዩ የሕክምና ብቻ አይደለም። የሥራ መሣሪያው የገዛ አካሉ የሆነ ሠራተኛ፣ መሣሪያውን ለማን፣ በስንት፣ እስከ መቼ እንደሚያከራይ የሚነሣ ጥያቄም ነው።

የሥራው መጠን

ክሪኬት በአገራችን እምብዛም ስለማይዘወተር፣ ለሚቀጥለው ትንታኔ የሚያስፈልገውን ያህል ስለ ደንቡ መናገር ይገባል። ወርዋሪው በተከታታይ የሚወረውራቸው ስድስት ኳሶች አንድ «ኦቨር» ይባላሉ። ከስድስቱ በኋላ ሌላ ወርዋሪ ከሜዳው ተቃራኒ ጫፍ ይረከባል፤ የፊተኛውም አንድ ኦቨር ዐርፎ ሊመለስ ይችላል። በብሔራዊ ቡድኖች መካከል የሚደረጉ ግጥሚያዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። «ቴስት» የሚባለው እስከ አምስት ቀን የሚዘልቅ ሲሆን፣ አንድ ሰው ሊወረውር በሚችለው ኦቨር ላይ ገደብ የለበትም። በአንድ ቀን የሚያልቀው ግጥሚያ ለእያንዳንዱ ወርዋሪ 10 ኦቨር ይፈቅዳል። በሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ የሚጠናቀቀውና «ቲ ሃያ» የተሰኘው አጭሩ ዓይነት የሚፈቅደው ግን 4 ኦቨር፣ ማለትም 24 ኳስ ብቻ ነው። ይህ ልዩነት ኋላ የምንመለስበት የነገሩ እምብርት ነው።

በወርዋሪውና በመቺው በኩል በተተከሉት እንጨቶች መካከል ያለው ርቀት 20.12 ሜትር ነው። በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ኳስ ለመቺው የሚሰጠው ጊዜ ከግማሽ ሰከንድ ያነሰ ነው። ፓኪስታናዊው ሾአይብ አክታር በ2003 የዓለም ዋንጫ ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ግጥሚያ የወረወረው ኳስ 161.3 ኪሎ ሜትር በሰዓት ተለክቷል። ተመልካች የሚያደንቀው ይህን ቁጥር ነው፤ ለሙያው ዕድሜ ወሳኝ የሆነው ቁጥር ግን በኳሱ ላይ ሳይሆን በወርዋሪው የፊት እግር ሥር ይገኛል። ወርዋሪው በሩጫ ያመጣውን ጉልበት ወደ ክንዱ የሚያሻግረው የፊት እግሩን እንደ ምሰሶ ተክሎ ሰውነቱን በድንገት በማቆም ነው። በዚያች ቅጽበት መሬቱ በእግሩ ላይ የሚመልሰው ኃይል ከክብደቱ አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ እጥፍ ይሆናል። ጉልበቱን ሳያጥፍ የሚተክል ወርዋሪ ፍጥነት ያገኛል፤ ጉልበቱን በትንሹ የሚያጥፍ ደግሞ ኃይሉን ስለሚያበርድ ፍጥነት ያጣል። ስለዚህ ፍጥነቱንም ጉዳቱንም የሚያመጣው አንዱ ያው እንቅስቃሴ ነው።

አጥንቱ ምን ይሆናል?

በቀኝ እጁ የሚወረውር ሰው ግራ እግሩን በሚተክልበት ጊዜ ወገቡ በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ያደርጋል፤ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ይጠመዘዛል። ሦስቱ ተደምረው የሚያርፉት በታችኞቹ የወገብ አከርካሪ አጥንቶች፣ በተለይም በአራተኛውና በአምስተኛው ላይ ነው። እነዚህ አጥንቶች በኋላ በኩላቸው ከላይና ከታች ያሉትን መጋጠሚያዎች የሚያያይዝ ቀጭን፣ ድልድይ መሰል ክፍል አላቸው። የፈጣን ወርዋሪዎች ስንጥቅ የሚጀምረው በዚህ ድልድይ ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከሚወረውሩበት እጅ በተቃራኒው ጎን። የቀኝ እጅ ወርዋሪ ግራ ወገቡን ይዞ ሲነሣ ያየ የቡድን ሐኪም ምስል ሳያስነሣ የልቡን ይጠረጥራል።

ይህ ስንጥቅ እንደ መውደቅ ወይም እንደ መጋጨት ባለ አንድ አደጋ የሚመጣ አይደለም። አጥንት ሕያው አካል ነውና ሲጫኑት ይታደሳል፤ በመጀመሪያ አንዳንድ ሕዋሳት የተጎዳውን አሮጌ ክፍል ይሸረሽራሉ፣ ሌሎች ደግሞ በቦታው አዲስ ይገነባሉ። ሽርሸራው በሳምንታት የሚያልቅ ሲሆን ግንባታው ግን ወራት ይፈጃል። በሁለቱ መካከል ባለው ጊዜ አጥንቱ ከመጀመሪያው ይልቅ ደካማ ነው። ግንባታው ሳይደርስ አዲስ ሸክም ከመጣ ሽርሸራው ይቀድማል፤ አጥንቱም ይሰነጠቃል። በመጠን የተጫነና ጊዜ የተሰጠው አጥንት ግን ከበፊቱ ይጠነክራል። ለረጅም ጊዜ የወረወሩ ሰዎች የወገብ አጥንት ሲለካ፣ ከሚወረውሩበት እጅ ተቃራኒ ያለው ጎን ከሌላው ይልቅ የዳበረ ሆኖ ተገኝቷል። ሸክም በራሱ ጠላት አለመሆኑን፣ ነገሩ የጊዜና የመጠን ጉዳይ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ማስረጃ ያለ አይመስለኝም።

ዕድሜም አለበት። የወገብ አጥንት ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ሰው በሃያዎቹ ዓመታት ውስጥ ሳለ ነው። አንድ ልጅ ግን በ17 ዓመቱ እንደ ትልቅ ሰው ሊፈጥን ይችላል፤ ጡንቻው ከአጥንቱ ቀድሞ ይደርሳልና። ቡድኖች የሚፈልጉት ልጁን በዚያው ዕድሜ ነው። በእንግሊዝ የሙያ ክሪኬት የተደረገ ጥናትም ከ18 እስከ 22 ዓመት ያሉት ወርዋሪዎች ከታላላቆቻቸው ይልቅ ለወገብ ስንጥቅ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል።

ከጀሶ ወደ ልኬት፦ የዴኒስ ሊሊ ጉዳይ

አውስትራሊያዊው ዴኒስ ሊሊ በ1949 በፐርዝ ተወለደ። ለብሔራዊ ቡድኑ በ1971 መጀመሪያ ላይ ተሰለፈ፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ እንግሊዝ በተደረገው ጉዞ በአምስት ግጥሚያዎች 31 ዊኬት ወሰደ። ረጅም ሩጫው፣ በአየር ላይ የሚዘረጋው ሰውነቱና የመጨረሻው የወገቡ ጥምዘዛ በዚያን ጊዜ ለመቺዎች የፍርሃት ምንጭ ነበሩ። በ1973 ወደ ዌስት ኢንዲስ በተደረገው ጉዞ ወገቡ አልሸከም አለው፤ ምርመራውም በታችኞቹ አከርካሪዎቹ ላይ ስንጥቆች መኖራቸውን አሳየ። በዘመኑ አስተያየት ይህ የፈጣን ወርዋሪ ፍጻሜ ነበር።

የተደረገለት ነገር ሁለት ምዕራፍ ነበረው። በመጀመሪያው አካሉ ለሳምንታት በጀሶ ተጠፍንጎ እንዲያርፍ ተደረገ። የሁለተኛው ዓይነት እርዳታ ግን በጊዜው ያልተለመደ ነበር። በዌስተርን አውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲ የሰውነት ማጎልመሻ ተመራማሪ የነበረው ፍራንክ ፓይክ የሆድና የጀርባ ጡንቻዎችን ደረጃ በደረጃ የሚያጠነክር፣ እየተለካ የሚጨምር መርሐ ግብር አወጣለት፤ ሊሊም ወራት የፈጀውን ይህን አሰልቺ ሥራ በጽናት ፈጸመ። በ1974 መጨረሻ ከእንግሊዝ ጋር ለተደረገው ፉክክር ተመልሶ 25 ዊኬት ወሰደ፤ ከጎኑ የነበረው ጄፍ ቶምሰን ደግሞ 33። ሊሊ በጥር 1984 ሲሰናበት 70 ቴስቶች ተጫውቶ 355 ዊኬት ነበረው፤ ይህም የዚያን ጊዜ የዓለም ክብረ ወሰን ነው። አብላጫውን የወሰደው ከስንጥቁ በኋላ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

የተመለሰው ሊሊ የቀድሞው አልነበረም። ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ሩጫውን አሳጠረ፤ በየኳሱ ሙሉ ፍጥነቱን ማውጣት ትቶ ኳሱን በጣቶቹ ቆርጦ ከመሬት ሲነሣ አቅጣጫ እንዲለውጥ ማድረግን አዳበረ። ብዙ ጸሐፍት ይህን የጥበብ ብስለት አድርገው ይተርኩታል። ትክክል ነው፤ ሆኖም ጥበቡ የመጣው ጉልበትን ለመቆጠብ ከተደረገ ስሌት ነው።

ከዚሁ ጉዳይ በኋላ በዚያው በፐርዝ የሚገኙ ተመራማሪዎች ጥያቄውን ወደ ልኬት ወሰዱት። ዳሪል ፎስተር፣ ብሩስ ኤሊዮትና ባልደረቦቻቸው በ1989 ባሳተሙት ጥናት ተስፋ የተጣለባቸውን 82 ወጣት ፈጣን ወርዋሪዎች ለአንድ የውድድር ወቅት ተከታተሉ፤ የልጆቹ አማካይ ዕድሜ ከ17 ዓመት በታች ነበር። ከመካከላቸው 11 በመቶዎቹ በአከርካሪያቸው ላይ ስንጥቅ ደረሰባቸው፤ ሌሎች 27 በመቶዎቹ ደግሞ ቢያንስ አንድ ግጥሚያ ያስቀረ የጀርባ ጡንቻ ወይም የጅማት ጉዳት አገኛቸው። ጥናቱ የአወራወሩ ቅርጽ ድርሻ እንዳለውም አሳየ። በሩጫው መጨረሻ ዳሌውን በአንድ አቅጣጫ፣ ትከሻውን በሌላ አድርጎ የሚቆምና ትከሻውን ከ40 ዲግሪ በላይ መልሶ የሚያዞር ወርዋሪ ለስንጥቅ ይበልጥ የተጋለጠ ነበር። ጎኑን ለመቺው ሰጥቶ የሚወረውር ወይም ደረቱን ሰጥቶ የሚወረውር ሰው ደኅና ነው፤ ችግሩ ሁለቱን የሚያቀላቅለው ላይ ነው። ይህ ግኝት ብዙ አሠልጣኞች የልጆችን አወራወር እንዲያርሙ አድርጓል።

ማረም ሁልጊዜ መፍትሔ አለመሆኑን ግን የአንደርሰን ታሪክ ያሳያል። አንደርሰን ኳሱን በሚለቅበት ጊዜ አንገቱን ወደ መሬት ይደፋ ነበር፤ ወደ ብሔራዊ ቡድኑ በገባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አሠልጣኞች ይህ ይጎዳዋል ብለው አወራወሩን ለወጡት። በ2006 ወገቡ ተሰንጥቆ የውድድሩን ወቅት አብዛኛውን ክፍል አጣ። ሲመለስ ወደ ቀድሞው፣ ወደ ተፈጥሮ አወራወሩ ተመለሰ፤ ከዚያም 18 ዓመት ሠራ። ለውጡ ስንጥቁን አመጣ ብሎ መደምደም ከአንድ ሰው ታሪክ ተነሥቶ አይቻልም። ቢሆንም አካሉ ለዓመታት የለመደውን መንገድ በድንገት ማስቀየር ራሱ አዲስ ሸክም እንደሚሆን ማሰብ ምክንያታዊ ነው።

ዘግይቶ የሚመጣው ሒሳብ

ከአወራወር ቅርጽ ይልቅ በቅርብ ጊዜ ትኩረት ያገኘው የብዛትና የጊዜ ጥያቄ ነው። የአውስትራሊያ ክሪኬት ሐኪም የነበረው ጆን ኦርቻርድ ከባልደረቦቹ ጋር በ2009 ባሳተመው ጥናት፣ በአንድ ግጥሚያ ከ50 ኦቨር በላይ የወረወሩ ሰዎች በቀጣዮቹ ሦስት ሳምንታት የመጎዳት ዕድላቸው ከፍ እንደሚል አሳይቷል። የሚያስገርመው መብዛቱ አይደለም፤ መዘግየቱ ነው። ወርዋሪው ከከባዱ ግጥሚያ በማግሥቱ ደኅና ነኝ ይላል፤ አይዋሽም። አጥንቱ ሽርሸራውን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ጉዳቱ ሲገለጥ ደግሞ ወርዋሪው በሌላ ግጥሚያ፣ ምናልባትም በሌላ ቡድን ልብስ ውስጥ ይገኛል፤ ወቀሳውም በመጨረሻ በተገኘበት ቡድን ላይ ያርፋል።

የፓት ከሚንስ ወጣትነት የዚህ ምሳሌ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ከሚንስ በመጋቢት 2011፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ በአውስትራሊያ የክልሎች ውድድር የፍጻሜ ግጥሚያ 65 ኦቨር ወረወረ። በዚያው ዓመት ኅዳር፣ በ18 ዓመቱ፣ በጆሃንስበርግ ከደቡብ አፍሪካ ጋር የመጀመሪያ ቴስቱን ተጫውቶ በሁለተኛው ዙር 6 ዊኬት ወሰደ፤ ዱላ ይዞም የማሸነፊያውን ነጥብ አስቆጠረ፤ የግጥሚያው ኮከብ ተብሎ ተመረጠ። ሁለተኛ ቴስቱን የተጫወተው በመጋቢት 2017 በህንዷ ራንቺ ነው። በመካከሉ ያሉት ከአምስት ዓመታት በላይ በእግሩና በተደጋጋሚም በወገቡ ስንጥቅ ምክንያት ያለፉ ናቸው። ወደ ሜዳ ሲመለስ 24 ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ ይሰለፍ ጀመር፣ የቡድኑ አለቃም ሆነ፣ በ2025ም 300ኛ ዊኬቱን ወሰደ። የአውስትራሊያ ክሪኬት ቦርድ በእነዚያ ዓመታት ደመወዙን እየከፈለ መጠበቅ ችሏል። ይህ ትዕግሥት ባይኖር፣ ወይም ልጁ የተወለደው እንዲህ ያለ ገንዘብ በሌለበት አገር ቢሆን፣ ከሚንስ አንድ ግጥሚያ ተጫውቶ የጠፋ ስም ሆኖ ይቀር ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም።

በእንግሊዝ በኩል ጆፍራ አርቸር አለ። በነሐሴ 2019 በሎርድስ በመጀመሪያ ቴስቱ 44 ኦቨር ወረወረ። በዚያው ዓመት ኅዳር በኒውዚላንድ በአንድ ዙር ብቻ 42 ኦቨር እንዲወረውር ተደረገ። ለፈጣን ወርዋሪ ይህ ብዙ ነው፤ ያገኘው ዊኬት ደግሞ አንድ ብቻ። በ2020 መጀመሪያ በክርኑ አጥንት ላይ ስንጥቅ ተገኘ፤ በ2022 ደግሞ በወገቡ ላይ። ከየካቲት 2021 በኋላ ወደ ቴስት የተመለሰው በሐምሌ 2025 ነው። እነዚያ 42 ኦቨሮች ብቻቸውን አራት ዓመት በሉ ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ቡድኑ በዚያ ቀን ስለ ግጥሚያው እንጂ ስለ ወርዋሪው አጥንት አላሰበም ብሎ መናገር ይቻላል።

«የድሮዎቹስ?»

በዚህ ላይ ዘወትር የሚነሣ ተቃውሞ አለ። እንግሊዛዊው ፍሬድ ትሩማን በ1964 በቴስት ታሪክ 300 ዊኬት የሞላ የመጀመሪያው ሰው ሲሆን፣ በሙያ ዘመኑ ሁሉ ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ኳስ እንደወረወረ መዝገቡ ያሳያል። የባርቤዶሱ ማልኮም ማርሻል በ1982 ለእንግሊዙ ሃምፕሺር ክለብ በአንድ የበጋ ወቅት 134 ዊኬት ወስዷል። ያኔ የሚቆጥር አልነበረም፣ እነርሱም አልተሰበሩም፤ የዛሬዎቹ ተሞላቀቁ ይላሉ ሽማግሌዎቹ።

መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የምናውቃቸው የቀሩትን መሆኑ ነው። በ1950ዎቹ በ20 ዓመቱ ወገቡን አሞት ወደ ማዕድን ማውጫው ወይም ወደ ፋብሪካው የተመለሰ ልጅ በመዝገብ ላይ የለም፤ የሕመሙን ዓይነት የሚያሳይ መሣሪያም አልነበረም። ዛሬ በኤምአርአይ ምስል አጥንቱ ከመሰንጠቁ በፊት በውስጡ የሚፈጠረውን እብጠት ማየት ይቻላል። ሁለተኛው መልስ ግን ሽማግሌዎቹ በከፊል ትክክል መሆናቸውን ያስቀበላል። የትሩማን ሸክም ብዙ ቢሆንም ወጥ ነበር፤ ከበጋው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው በየሳምንቱ ተመሳሳይ ነበር ማለት ይቻላል። አጥንት የሚወደው ይህን ነው። የማርሻል ቡድን ዌስት ኢንዲስ ደግሞ አራት ፈጣን ወርዋሪዎችን በአንድ ጊዜ ያሰልፍ ስለነበር ሸክሙ ለአራት ይከፈል ነበር። ከ1980 እስከ 1995 አንድም የቴስት ፉክክር ያለመሸነፋቸው ምሥጢር ብዙውን ጊዜ በፍጥነታቸው ይተረጎማል፤ የሥራ ክፍፍላቸው ግን እምብዛም አይነሣም።

በ2014 በ28 የአውስትራሊያ ፈጣን ወርዋሪዎች ላይ የታተመ ጥናት ይህንኑ ያጠናክራል። የአንድ ሳምንት ሸክም ካለፉት አራት ሳምንታት አማካይ ከሁለት እጥፍ በላይ ሲያሻቅብ በቀጣዩ ሳምንት የመጎዳት ዕድል ጨምሮ ተገኝቷል፤ በአንጻሩ ለረጅም ጊዜ የተገነባ ከፍ ያለ ሸክም መከላከያ ሆኖ ታይቷል። የስሌቱ ዘዴ ኋላ በስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ክፉኛ ተተችቷል፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ሕግ መያዝ አይገባም። የሚጎዳው ድንገተኛ ጭማሪ ነው የሚለው ጠቅላላ ሐሳብ ግን ስለ አጥንት መታደስ ከምናውቀው ጋር ይስማማል።

የሚቆጥረው ማን ነው?

አሁን ወደ ሦስቱ የግጥሚያ ዓይነቶች እንመለስ። በ1977 የአውስትራሊያ ባለጸጋ ኬሪ ፓከር ታላላቅ ተጫዋቾችን ከቦርዶቻቸው አስኮብልሎ የራሱን ውድድር ሲያቋቁም ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች መካከል ሊሊ ይገኝበታል። ያኔ ለአገር መጫወት ቤተሰብ የሚያኖር ገንዘብ አያስገኝም ነበር፤ ተጫዋቹም አካሉን በርካሽ እንደሚሸጥ ተረድቶ ነበር። ቦርዶቹ ትምህርቱን ቀስ ብለው ተቀበሉ፤ እንግሊዝ ከ2000 ጀምሮ ዋና ተጫዋቾቿን በማዕከላዊ ውል መያዝ ጀመረች። ውሉ ደመወዝ ብቻ አልነበረም፤ ወርዋሪው በክለቡ መቼ እንደሚጫወትና መቼ እንደሚያርፍ የመወሰን ሥልጣን ለብሔራዊ ቡድኑ ሰጠ። አንደርሰን የዚህ ሥርዓት ልጅ ነው። ከ2015ቱ የዓለም ዋንጫ በኋላ የአንድ ቀን ግጥሚያዎችን ተወ፤ ለቀጣዮቹ ዘጠኝ ዓመታት በቴስት ብቻ ለአገሩ ተሰልፎ 188 ቴስትና 704 ዊኬት ላይ ደረሰ። አንድ ከፋይ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ ዓይነት ሥራ ነበረው።

በ2008 የህንዱ ፕሪሚየር ሊግ ሲጀመር ይህ አንድነት ፈረሰ። ቦንድ በዚያው ዓመት ከሌላ፣ ቦርዱ ከማይቀበለው የህንድ ሊግ ጋር በመዋዋሉ ከኒውዚላንድ ውሉ ተሰናበተ። ወርዋሪ ከመሆኑ በፊት ፖሊስ የነበረ፣ በ2004 አከርካሪው በቀዶ ሕክምና የተያያዘ፣ 33ኛ ዓመቱን የያዘ ሰው ነበር። የቀሩትን ጥቂት ኳሶች የተሻለ ለሚከፍል መሸጡን እንደ ክህደት የቆጠሩ ነበሩ፤ እኔ ግን በዚያ ዕድሜና በዚያ ወገብ ሌላ ምርጫ ማድረግ የነበረበት አይመስለኝም። በ2009 መጨረሻ ተመልሶ በደንዲን አንድ ቴስት ተጫወተ፣ ስምንት ዊኬት ወሰደ፣ እንደገና ተጎዳ፣ ከቴስት ተሰናበተ።

ዛሬ ልዩነቱ ሰፍቷል። በታኅሣሥ 2023 በተደረገው የህንዱ ሊግ ጨረታ አውስትራሊያዊው ሚቸል ስታርክ በ247.5 ሚሊዮን ሩፒ፣ ከሚንስ በ205 ሚሊዮን ሩፒ ተገዙ። ስታርክ ከዚያ በፊት አካሉን ለቴስት ለማቆየት ሲል ከ2015 ወዲህ በዚያ ሊግ አልተጫወተም ነበር፤ እንዲህ ያለውን ገንዘብ ለስምንት ዓመት መተው የሚችል ሰው ጥቂት ነው። የኒውዚላንዱ ትሬንት ቦልት በ2022 በራሱ ጥያቄ ከማዕከላዊ ውሉ ወጣ። የስሪላንካው ላሲት ማሊንጋ ከዚያም በፊት፣ በ2011፣ ቴስትን ትቶ በአጫጭር ግጥሚያዎች ዕድሜውን አራዝሟል። ለአካል ሲባል ይህ ምክንያታዊ ነው፤ 24 ኳስ ከ240 ይቀላል።

አደጋው ያለው ሁለቱን ለሚያደርገው ሰው ነው። በ2023 የህንዱ ሊግ የፍጻሜ ግጥሚያ የተጀመረው ግንቦት 29 ነበር፤ የዓለም የቴስት ሻምፒዮና ፍጻሜ ደግሞ ሰኔ 7 በለንደን ተጀመረ። መሐመድ ሻሚ በሁለቱም ተጫውቷል። ለሁለት ወር ያህል በየግጥሚያው ከ4 ኦቨር ያልበለጠ ሲወረውር የቆየ ሰው፣ ከዘጠኝ ቀን በኋላ በለንደን በመጀመሪያው ዙር ብቻ 29 ኦቨር ወረወረ። ሊጉ የራሱን አራት ኦቨር ቆጥሯል፤ ቦርዱም የራሱን 29። የሁለቱ ድንገተኛ ልዩነት ግን በማንኛቸውም ውል ውስጥ የተጻፈ አልነበረም።

ይኸው ክፍተት በታች፣ በልጆች ዘንድ፣ ይበልጥ ሰፊ ነው። ሊሊ ከ1987 እስከ 2012 በህንዷ ቼናይ በተቋቋመው የፈጣን ወርዋሪዎች ማሠልጠኛ ወጣቶችን ሲያስተምር ቆይቷል፤ ጎማ አምራቹ ድርጅት የሚደግፈው ይህ ማዕከል አወራወርን በካሜራ እየተከታተለ ያርም ነበር። በእንግሊዝ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው መመሪያ ደግሞ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ በአንድ ተከታታይ ጊዜ ከ5፣ በቀን ከ10 ኦቨር በላይ እንዳይወረውር ይከለክላል፤ ገደቡ ከዕድሜው ጋር ከፍ ይላል። መመሪያው መልካም ነው። ሆኖም የሚጠብቀው የእያንዳንዱን ግጥሚያ ዳኛና አሠልጣኝ ነው። የ16 ዓመት ፈጣን ልጅ ግን ማክሰኞ ለትምህርት ቤቱ፣ ቅዳሜ ለክለቡ፣ እሑድ ለክፍለ ሀገሩ ይሰለፋል፤ በመካከላቸው ባሉት ቀናት በልምምድ መረብ ውስጥ ይወረውራል። ሦስቱም አሠልጣኞች በየበኩላቸው ገደቡን አክብረው ሊሆን ይችላል። የሦስቱን ድምር የሚያውቀው ልጁ ብቻ ነው፤ እርሱም በሚቀጥለው ቅዳሜ እንዳይቀር ብሎ ዝም ይላል።